መስመሩ ንጹሕ ነው

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የብልሽት መዝገብ ነው። በስልክ መስመር ሥራ ላይ በቆየሁበት ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድ መስመር ሲያስቸግር መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነበር፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የሆነውን ነገር መጻፍ። ብልሽት እንደ ሰው ጠባይ አለው። ጠባዩን የጻፈ ይይዘዋል። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አሁን የሚያስቸግረው ግን የራሴ ቤት መስመር ስለሆነ መዝገብ ከፍቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ጓዟን ጠቅልላ ወደ እኛ ከተመለሰች ሁለት ሳምንት ሆናት። በኋለኛው ክፍል ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትውላለች። ሥራዋ ማስተርጎም ነው፤ ሐኪሙ በአንድ ቋንቋ፣ ታማሚው በሌላ፣ እሷ በመካከል፣ ሁሉም በኢንተርኔት። እስከ ሐምሌ 19 ሙከራ ላይ ናት። መስመሩ እየተቆራረጠ ከቀጠለ እዚህ ሆና መሥራት አትችልም፤ ፋይበር ወደ ገባበት ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። የአንድ ቀን መንገድ ነው። እናቷ ከተመለሰች ወዲህ እየዘፈነች ነው ቤት የምትጠርገው።

ቃል የተገባልን ፍጥነት 16 ሜጋ። ጠዋት ፀሐይ፣ 11። ከሰዓት 6። ደመና።

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ሲያሰናብቱኝ ሰዓትና የምስክር ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ግን የምወደውን፣ የመሞከሪያ ስልኬን፣ ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ ነው የወጣሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱን መቆንጠጫዎች ሽቦው ላይ ታስነክሳቸዋለህ፤ የመደወያው ድምፅ ይመጣል። አንድ ቁጥር ትጫናለህ፤ ድምፁ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመስመሩ የራሱ ድምፅ ነው። ጤነኛ መስመር ዝም ይላል። ውሃ የገባበት ይንጣጣል፣ የዛገው ይንሿሿል። መለኪያ መሣሪያ ሳይመጣ በፊት ሁሉም እንደዚህ ነበር የሚሠራው፤ እንደ እኔ ግን ማንም አልነበረም። ስሜን ትተው «ጆሮ» ይሉኝ ነበር። «ጆሮ ይምጣና ይስማው» ይባል ነበር።

ዛሬ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለውን መስመር ሞከርኩ። አንድ ቁጥር ተጫንኩ። ጸጥ።

መስመሩ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ዝናብ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ። ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። 4 ሜጋ።

ራውተሩን ከቁም ሣጥኑ ኋላ አውጥቼ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ዋይፋይ ግድግዳ አይወድም። ልጄ አይታ አይታ «አባዬ፣ በኬብል እኮ ነው ያገናኘሁት፤ ያው ነው» አለችኝ። ቢሆንም ከፍ ብሎ መሰቀሉ አይጎዳም።

ባለቤቴ ከማድቤት ሆና አንድ ነገር አጉረመረመች። «ምን አልሽ?» ስላት «ተወው» አለች። ሴትዮዋ ዕድሜዋ ሲገፋ ድምፅዋ እየወረደ መጥቷል። ጉሮሮዋን ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

ፀሐይ። 12 ሜጋ። አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ይኸው፣ ራውተሩን መስቀሌ ሠራ።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

አንዲት እናት ሕፃኗ አተኩሶባት ከሐኪም ጋር እየተነጋገረች ነበር። ልጄ ትተረጉማለች። ውጭ ዝናቡ ወርዷል። ሐኪሙ ተናግሮ ጨረሰ፤ ልጄም «ትኩሳቱ እስኪወርድ ድረስ ይህንን መድኃኒት...» ብላ እዚያ ላይ ተቋረጠ። በእኛ ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መስመሩ የበላው ግሱን ነው፤ ስጪው የሚለውን ወይም አትስጪው የሚለውን።

እስኪመለስ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሴትየዋ ልጇን ታቅፋ፣ ጠርሙሱን ይዛ፣ ስትጠብቅ ቆየች። ቃሉ «አትስጪው» ነበር።

ልጄ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። «ብትሰጠውስ ኖሮ?» አለችኝ። «አልሰጠችውም እኮ» አልኳት። ከፊቴ ዞር አለች። ማታ አለቃዋ ደብዳቤ ላከችላት፤ አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ የለም።

ደግሜ አዳመጥኩ። ጸጥ። ንጹሕ ነው።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ኩባንያው ዘንድ ደወልኩ። የምታነጋግር ልጅ ተሸፋፍና የምታወራ ትመስላለች። ሦስት ጊዜ «ድገሚልኝ» ብላት አንድ ነገር አጉረምርማ ዘጋችብኝ። የዛሬ ልጆች አፍ አውጥተው መናገር አልተማሩም። በኋላ ልጄ ደውላ ቀጠሮ አስያዘች፤ ቴክኒሻን ለሰኔ 19።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ እናትና ልጅ ሲያወሩ ደረስኩ። ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበርና ጮክ ብላ ነበር የምትናገረው። «አባትሽ አይሰማም» አለቻት። «እኔ ነግሬው ነግሬው ሰልችቶኛል። አንቺ ንገሪው።» ልጄ እኔን ስታይ ዝም አለች።

ምክር አይሰማም ማለቷ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስታማኝ የኖረችው በዚሁ ነው፤ ግትር ነው፣ የሰው ቃል አይሰማም እያለች። እሺ፣ ግትር ነኝ። ግትር ባልሆን ኖሮ ማን በዝናብ ምሰሶ ላይ ይውል ነበር?

ሆኖም ለምን ዝም አሉ?

ሰኔ 16፣ እሑድ

ዝናብ። 3 ሜጋ። ሥራ የሌለበት ቀን በመሆኑ ተመስገን።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ቴክኒሻኗ መጣች። ሴት ናት፣ ወጣት አይደለችም፣ እጇ የሠራተኛ እጅ ነው። መሰላሏን ከመኪና ላይ ብቻዋን አወረደች፤ ወደድኳት። ልጄ ሥራ ላይ ስለነበረች እኔ ነኝ ያስተናገድኳት።

መጀመሪያ ምሰሶው ላይ ያለውን ሣጥን ለካች። «እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ነው» አለች። ከዚያ ቤት ውስጥ ካለው ሶኬት ለካች። መሣሪያዋን አሳየችኝ፤ ቁጥር ብቻ ነው። «አባባ፣ ችግሩ ከምሰሶው ወዲህ፣ ከሶኬቱ ወዲያ ነው። ከክፈፉ ሥር ያለችውን መገጣጠሚያ ልክፈታት።»

«እሷ አትነካም» አልኳት።

«ለምን?»

«እኔ ነኝ የቀጠልኳት።»

የዛሬ አምስት ዓመት ነፋስ ሽቦውን በጥሶት በገዛ እጄ ነበር የቀጠልኩት። የመሞከሪያ ስልኬን አውጥቼ ሽቦው ላይ አስነከስኩት፤ አንድ ቁጥር ተጭኜ አዳመጥኩ። «ንጹሕ» ብዬ ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ መሣቅም አይደለም፣ ማዘንም አይደለም። «አባባ፣ ይሄ እኮ ይንጫጫል» አለችኝ።

«መለኪያ የለመደ ጆሮ ነው ያለሽ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና፣ «ጆሮ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?» አለች። ሥልጠና ላይ አስተማሪያቸው ስለ እኔ ያወራላቸው ነበር አሉ። ያንን ስትለኝ ደረቴ ሞቀ፣ አልዋሽም። እሷም ከዚያ በኋላ አልገፋችም። ወረቀቷ ላይ «ደንበኛው አልፈቀደም» ብላ ጻፈች፤ እኔም ፈረምኩ። ቀጣዩ ቀጠሮ ከሐምሌ 19 በኋላ ነው።

ልጄ ስትወጣ «ምን አለች?» አለችኝ።

«መስመሩ ንጹሕ ነው አለች» አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ቀድሞኝ ወጣ። እስከ አሁን እዚህ ደብተር ላይ ውሸት አልጻፍኩም፤ ስለዚህ ይህንን ጻፍኩት።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

ዝናብ። 4።

ልጄ አክስቷ ዘንድ ደወለች።

ሰኔ 24፣ ሰኞ

መዝገቡን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ፀሐይ 12፣ ዝናብ 4። ፀሐይ 11፣ ዝናብ 3። ሌላ ሰው ይህንን ቢያሳየኝ፣ ገጹን ሳልገልጥ «ውሃ የገባበት መገጣጠሚያ ነው፣ ሂድና ክፈተው» እለው ነበር።

ግን አዳምጬዋለሁ እኮ። ሦስት ጊዜ አዳምጬዋለሁ።

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ኮሪደሩ ላይ ሻንጣ ተቀምጧል። ባዶ ነው፣ ገና ነው፣ ግን ወጥቶ ተቀምጧል። ባለቤቴ መዝፈን አቁማለች፤ ወይም ትዘፍን ይሆናል።

ልጄ ራት ላይ፣ «መስመሩ ንጹሕ ከሆነ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ የሰፈሩ ዕጣ ነው» አለች። ይህንን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስለተናገረችው ደህና አድርጌ ሰማሁት። ያንን ቃል የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

መሰላል መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ የሠራ ጓደኛዬ ነው፤ ቁመቱን ያየ ሰው ስሙን አይጠይቅም። ድሮ እኔ ሳዳምጥ እሱ ይይዛል፣ እኔ ስፈርም እሱ ይሰበስባል። ማን እንደጠራው አልነገረኝም። ባለቤቴን ሳያት አቀርቅራ ሰሃን ታጥባለች።

ክፈፉ ሥር ወሰድኩት። «እስቲ አንተ ስማው፤ እነዚህ ሴቶች ሊያሳብዱኝ ነው» አልኩት። አንድ ቁጥር ተጫነ። አዳመጠ። ስልኩን መልሶ ሰጠኝና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«አንተ ጆሮ» አለኝ፣ በጣም ጮክ ብሎ፣ እንደ ድሮው ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እንደምንጠራራው። «እኔ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የምቀረው ምን ላደርግ ይመስልህ ነበር?»

«መቼ?»

«መጨረሻዎቹ አራት ዓመታት። አንተ 'ንጹሕ ነው' ብለህ ፈርመህ መኪና ውስጥ ትገባለህ። እኔ 'ቆይ መሰላሉን ላጥፍ' እላለሁ። መሰላል ለማጠፍ ሩብ ሰዓት ይፈጃል እንዴ?»

የስልኩን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ደግሜ አዳምጥ ነበር» አለ። «ከሦስቱ አንዱ ይንጫጫ ነበር። አስተካክዬ እመጣለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ደፍሮ ይነግርሃል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማህም?» ብሎ ሣቀ፤ ብቻውን ነው የሣቀው። ሲሄድ ከኪሱ ውሃ እንዳያስገቡ ጄል የተሞሉ ትንንሽ የሽቦ ማያያዣዎች አውጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠልኝ።

ይህቺን መገጣጠሚያ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው የሠራኋት። ብቻዬን። ከኋላዬ የሚቀር ሰው አልነበረም።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

ዝናብ። አልለካሁም።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ጠዋት፣ ልጄ ሥራ ከመጀመሯ በፊት፣ ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሻንጣው ግማሹ ሞልቷል። «ቴክኒሻኗ መስመሩ ንጹሕ ነው አላለችም» አልኳት። «ይንጫጫል ነው ያለችው። መገጣጠሚያውን ልክፈት ብላ እኔ ከለከልኳት።»

መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ከዚያ ፊቷ ቀላ።

«አሥራ አምስት ቀን፣ አባዬ» አለች። «አሥራ አምስት ቀን ሙሉ! በእያንዳንዱ ጥሪ መሐል አሁን ተቋረጠ እያልኩ ነው የምሠራው እኮ! እማዬ ማታ ማታ ስታለቅስ አልሰማህም?»

«አልሰማሁም» አልኳት።

ይህንን ስል ነው መሰለኝ እሷም የሰማችው። ጥሪ ገባላትና በእጇ ውጣ አለችኝ፤ ወጣሁ።

መሰላሉን አቆምኩ። ባለቤቴ ሳልጠራት መጥታ እግሩን ያዘች። ወደ ላይ ጮኸችብኝ፦ «ብትወድቅና ብትጮህ እኔ እሰማለሁ! እኔ ብጮህ ነው ጉዱ!» ለአንድ ወር ያጉረመረመችው ሁሉ ይህንን የሚያህል ድምፅ የነበረው ከሆነ የጉሮሮዋ ነገር አያሳስበኝም።

ሽፋኑን ስከፍተው ውሃ በጣቶቼ መካከል ወረደ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ሽቦዎቹን ጠምዝዤ በፕላስተር ብቻ ነበር የጠቀለልኳቸው። በሥራ ላይ አንድ ሌላ ሰው እንዲህ ሠርቶ ባገኝ ኖሮ ሣጥኑን ፊቱ ላይ እወረውረው ነበር። ያኔ እንደጨረስኩ አንድ ቁጥር ተጭኜ ነበር። ጸጥ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ደስ ብሎኝ ወረድኩ።

በምሳ ሰዓት ልጄ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። አላናገረችኝም፤ እጇን ብቻ ዘረጋች። የመሞከሪያ ስልኩን ሰጠኋት። የድሮው መገጣጠሚያ ገና አልተቆረጠም ነበር።

«አንድ ቁጥር ተጫኚና የምትሰሚውን ንገሪኝ» አልኳት።

«ዘይት ላይ ውሃ የፈሰሰ ይመስላል» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «አሁን ደግሞ አንድ ሰው ወረቀት የሚጨማድድ። በጣም ይጮኻል፣ አባዬ። ይሄ አይሰማህም?»

ወስጄ አዳመጥኩ። ጆሮዬን ተጭኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ጸጥታ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ።

ከሁለቱም በኩል ንጹሕ መዳብ እስኪመጣ ድረስ ቆረጥኩ። የመሰላልን ማያያዣዎች አስገብቼ ተጫንኩ። ጣቶቼ አልረሱም፤ እነሱ እንኳ ታማኝ ናቸው። የመገጣጠሚያዋን ሣጥን ውሃ እንዳይገባው አፉን ወደ ታች አድርጌ ሰቀልኩት።

«አሁንስ?»

አዳመጠች። ረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ ከእኔ በላይ ተጠንቅቃ።

«ምንም የለም» አለች።

ስልኩን ተቀበልኳትና እኔም አዳመጥኩ። እኔና ልጄ አንድ ዓይነት ነገር ሰማን።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ዝናብ ከጠዋት እስከ ማታ። 15 ሜጋ። አልተቋረጠም።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

በረዶ ቀላቅሎ ጣለ። 15።

ልጄ አሁንም በአጭሩ ነው የምታናግረኝ። ልክ ናት። ሻንጣው ግን ኮሪደሩ ላይ የለም። የት እንደገባ አልጠየቅኩም።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ኩባንያው ዘንድ ደውላ ለቴክኒሻኗ መልእክት እንድታስተላልፍልኝ ልጄን ለመንኳት። «ምን ልበላት?» አለችኝ። «ትክክል ነበርሽ በያት። ደግሞም ይቅርታ ጠይቂልኝ።» ቴክኒሻኗን ራሷን አግኝታ፣ ተናግራ ጨርሳ ስልኩን ስትዘጋ፣ «'መለኪያ የለመደው ጆሮዬ ሰላም ብሏቸዋል' ብላሃለች» አለችኝና ሣቀች። ከሰኔ ወዲህ ስትሥቅ ያየሁት ዛሬ ነው።

ሐምሌ 19፣ ዓርብ

ተቀበሏት። ቋሚ። አለቃዋ ስትነግራት እኔ በር ላይ ቆሜ ፊቷን ነበር የማየው፤ ገና ሳትናገር አወቅኩ። ባለቤቴ አቅፋኝ ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር አለችኝ። ምን እንዳለች አላውቅም። አላስደገምኳትም፤ ደስታ እንደሆነ ገብቶኛል።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ቀጠሮውን ያስያዘችው ልጄ ናት፤ ለዚህም ብላ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰደች። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው፣ ድምፁ ከራሱ ሳይወጣ ይመለሳል፤ አፉንም በጭንብል ሸፍኗል። ሁለት ጊዜ «ምን አሉ?» አልኩ። ሦስተኛውን ልጄ ወንበሯን ስባ በእኔና በእሱ መካከል ተቀመጠች። እሱ ይናገራል፤ እሷ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣች ትነግረኛለች። ከአማርኛ ወደ አማርኛ።

ጆሮዬን አየ። ድምፅ የማያስገባ፣ ሣጥን የመሰለ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ድምፅ እያሰማ ስሰማ እጄን እንዳነሣ ጠየቀኝ፤ እጄ ለረጅም ጊዜ ጭኔ ላይ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ተቀመጠና አንድ ነገር ጠየቀ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ከመቼ ጀምሮ ነው ይልሃል።»

«አሁን በቅርቡ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኔ ውስጥ ነበር የምታየው። ያቺ እናት ጠርሙስ ይዛ አሥራ አንድ ደቂቃ የጠበቀችው ቃል ትዝ አለኝ።

ገና ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ቀን ምሰሶ ላይ ነበርኩ። ሣጥን ከፍቼ ሃያ መስመር አዳመጥኩ። ሃያውም ጸጥ አሉኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሃያውም መስመር ንጹሕ የሆነበት ሣጥን አይቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ያለ ሣጥን እንደሌለ አውቃለሁ። ሽፋኑን ዘግቼ፣ «ሁሉም ንጹሕ» ብዬ ፈረምኩ፣ ወረድኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

«አሥር ዓመት» አልኳት።

ልጄ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«አሥር ዓመት ነው ይላል» አለችው።